ከተማ የሚያኖረው ከረሜላ፦ የስዊድኑ ፖልካግሪስ እንዴት ተወለደ? እንዴትስ ይሠራል?

ስኳር፣ ውሃ፣ ትንሽ አቼቶ፣ ጥቂት ጠብታ የሚንት ዘይትና ቀይ ቀለም። አለቀ! ሌላ ነገር የለውም።

ግን በነዚህ አምስት ነገሮች ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ልጇን አሳድጋበታለች። አንዲት ትንሽ የስዊድን ከተማም እስከ ዛሬ እንጀራዋን ትበላበታለች። ከረሜላው ‹ፖልካግሪስ› ይባላል፤ ከተማዋ ደግሞ ግሬና።

ዛሬ ይዘንላችሁ የመጣነው የዚህን ከረሜላ ታሪክ ነው። ማን ሠራው? ድስቱ ውስጥ ምን ይፈጠራል? ስኳርና ውሃን የአውሮፓ ኅብረት በሕግ የሚጠብቀውስ ለምንድን ነው? አንድ በአንድ እናያለን። በጽሑፉ ውስጥ የምታገኟቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ስሙ ውስጥ አሳማ አለ

ከስሙ እንጀምር። ‹ፖልካ› በ1840ዎቹ ከዛሬዋ ቼክ ምድር ተነስቶ አውሮፓን ያዳረሰ ጭፈራ ነው። ለዚያ ዘመን ወጣት የቲክቶክ ዳንስ በሉት። ጭፈራው ከመወደዱ የተነሳ ነጋዴው ለልብሱም ለጌጡም ‹ፖልካ› የሚል ስም ይለጥፍ ነበር።

‹ግሪስ› ደግሞ በስዊድንኛ አሳማ ማለት ነው። አይዟችሁ፣ የአሳማ ነገር የለበትም! ቃሉን ያኔ ሰዉ ለከረሜላም ይጠቀምበት ነበር ይባላል። ስለዚህ ስሙ ‹የፖልካ ከረሜላ› እንደ ማለት ነው። ቀይና ነጩ መስመር ተጠምዝዞ ሲታይ እውነትም ጥንዶች ተያይዘው ሲሽከረከሩ ይመስላል።

በነገራችን ላይ የኛው ‹ከረሜላ› ከጣልያንኛው ‹ካራሜላ› የመጣ ቃል ነው። ‹ስኳር› ደግሞ ከዚያም ይርቃል። መነሻው የጥንት ሕንዶች ቋንቋ በሆነው በሳንስክሪት ‹ሻርካራ› ነው። ከዚያ ፋርስን አቋርጦ ዐረብኛ ላይ ‹ሱከር› ሆነ፤ ከዐረብኛ ደግሞ ወደ ብዙ የዓለም ቋንቋዎች ገባ። ቃሉ የሄደበት መንገድ ስኳሩ ራሱ የተጓዘበት መንገድ ነው።

ስኳር በመድኃኒት ቤት የሚሸጥበት ዘመን

ሸንኮራ አገዳን መጀመሪያ ያለሙት የኒው ጊኒ ሰዎች ናቸው። ጭማቂውን አፍልቶ ጠጣር ስኳር ማድረግን ለዓለም ያስተማረችው ግን ሕንድ ናት። ዐረቦች ጥበቡን ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ዳርቻ አደረሱት። አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት ስኳር እንደ ቅመም ውድ ነበር። የሚሸጡትም መድኃኒት ቀማሚዎች ነበሩ፤ በሚዛን እየለኩ።

ጠንካራ ከረሜላ የተወለደው እዚያ ነው። መራራውን መድኃኒት ሰው እንዲውጠው በስኳር ይጠቀልሉታል። ጉሮሮው ለቆሰለ ሰው ቀስ ብሎ አፍ ውስጥ የሚሟሟ ነገር ይሠሩለታል። ዛሬ ሳል ሲይዘን ከፋርማሲ ገዝተን የምንመጠው የጉሮሮ ከረሜላ የዚያ ዘር ነው።

ታዲያ የሀብታም መድኃኒት የነበረው ስኳር እንዴት የሕፃን መጫወቻ ሆነ? በሁለት ምክንያት።

አንደኛው ጣፋጭ ታሪክ አይደለም። አውሮፓውያን በብራዚልና በካሪቢያን ደሴቶች የሸንኮራ እርሻ ከፈቱ። የሠራተኛ ጉድለቱን የሞሉት ደግሞ ከአፍሪካ በመርከብ በተጋዙ ሚሊዮን ባሪያዎች ነው። ስኳሩ የረከሰው በሰው ደም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ከላቦራቶሪ ወጣ። በ1747 አንድሬያስ ማርግራፍ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ከቀይ ስር ዘመድ ውስጥ ልክ እንደ ሸንኮራው ያለ ስኳር አገኘ። ተማሪው ፍራንዝ አቻርድ በ1801 ፋብሪካ አቋቋመ። ብርድ ያለበት፣ ሸንኮራ የማይበቅልበት አገር ሁሉ የራሱን ስኳር ማምረት ቻለ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስኳር ተራው ሰው ኪስ ደረሰ። አማሊያም ድስቷን የጣደችው በዚሁ ሰዓት ነው።

ባል የሌላት፣ ልጅ ያላት

አማሊያ በ1824 ዮንሾፒንግ በምትባል የስዊድን ከተማ ተወለደች። ልጅ ሳለች ወላጆቿን በኮሌራ አጣች። ከዚያ ግሬና መጥታ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ግሬና ቬተርን የሚባለው ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ከዮንሾፒንግ በስተሰሜን ያለች፣ የእንጨት ቤቶች የተደረደሩባት ትንሽ ከተማ ናት።

በ1857 አንደርስ ኤሪክሰን የሚባል ልብስ ሰፊ አገባች። በዓመቱ መንታ ወለደች፤ አንደኛው ሕፃን በሕይወት አልቆየም። ሐዘኑ ገና ትኩስ ሳለ፣ በቀናት ውስጥ ባሏም ሞተ። 34 ዓመቷ ነው። እጇ ላይ አይዳ የምትባል ጨቅላ ልጅ አለች። ዘመድ የላትም፤ ደሞዝ የላትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የዛሬዋን ስዊድን አትዩ። የያኔዋ ስዊድን ድሃ ናት። ከዚያ ዘመን እስከ 1930 ድረስ ባለው ጊዜ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕዝቧ አሜሪካ ተሰዷል። በ1860ዎቹ መጨረሻ ላይ ደግሞ ረሃብ ገብቶባት ነበር። ዛሬ ስንቱ ወጣት ሊሄድባት የሚመኛት አገር ያኔ ወጣቷ ጥሏት የሚሄድ አገር ነበረች።

አማሊያ አልሄደችም። ዳቦና ከረሜላ ጋግሬ፣ አፍልቼ ልሽጥ አለች።

ከረሜላውን መጀመሪያ የሠራችው ልጇን ጉንፋን ይዟት፣ የጉሮሮ መድኃኒት እንዲሆናት ነው የሚል ታሪክ ግሬና ውስጥ ይነገራል። ሚንት ለጉሮሮ ማስታገሻነት የታወቀ ስለሆነ የማይመስል ነገር አይደለም። ቢሆንም በአፍ የሚነገር ታሪክ መሆኑን ያዙልን። በወረቀት ላይ ያለው ቀጣዩ ነው።

ወሳኙ ነገር ፈቃዱ ነበር

በጥር 1859 የግሬና ከተማ አስተዳደር ለአማሊያ ፈቃድ ሰጣት። ዳቦ እንድትጋግርና ፖልካግሪስ እንድትሠራ። በዛሬ ቋንቋ ንግድ ፈቃድ አወጣች ማለት ነው።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በስዊድን እስከ 1846 ድረስ ሙያ ሁሉ በሙያ ማኅበራት እጅ ነበር። ማኅበርተኛ ያልሆነ ሰው ዳቦ ጋግሮ መሸጥ አይችልም። በዚያ ዓመት የወጣው ሕግ ማኅበራቱን አፈረሰ፤ በር ተከፈተ። ለሴት ግን በሩ የተከፈተው በግማሽ ነው። ያገባች ሴት በሕግ ፊት በባሏ ሞግዚትነት ሥር ነበረች፤ ይሄ የቀረውም በ1921 ነው። ያላገባችም ብትሆን በራሷ ለመወሰን ገና ብዙ ውጣ ውረድ ነበረባት። በራሷ ስም መዋዋልና መነገድ የምትችለው ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች።

አስቡት እንግዲህ። ቤቷን ያፈረሰው ሞት ራሱ በሕግ ፊት ሙሉ ሰው አደረጋት። አማሊያ የምታዝንበትን ጊዜ እንኳ ሳታገኝ ያችን ጠባብ ቀዳዳ ተጠቀመችባት።

ከረሜላዋ መጀመሪያ የተሸጠው ለሠርግ፣ ለክርስትናና ለቀብር ነው፤ እንግዳ በሚበዛበት ቀን ሁሉ። አሠራሩን ለማንም አላሳየችም። ምስጢሩን ይዛ ኖረች፤ ሌላው ሰው በሰፊው መሥራት የጀመረው እሷ ከሞተች በኋላ ነው።

ለእውነቱ ስንል አንድ ነገር እንጨምር። ቀይና ነጭ መስመር ያለው የሚንት ከረሜላ በዓለም ላይ የመጀመሪያው የአማሊያ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በ1844 በታተመ የጣፋጭ አሠራር መጽሐፍ ላይ መስመር ያለው የሚንት ከረሜላ ይገኛል። በገና ፊልም ላይ የምናየው ከዘራ የሚመስለው ከረሜላም የዚሁ ቤተሰብ ነው። የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተሞችም የየራሳቸው አላቸው። የአማሊያ ውለታ ሌላ ነው። ከረሜላውን ከአንድ ከተማ ጋር አሰረችው።

አማሊያ የሞተችው በ1923 ነው። የስዊድን ሴቶች በ1921 ለመጀመሪያ ጊዜ በምክር ቤት ምርጫ ድምፅ ሲሰጡ በሕይወት ነበረች። ዛሬ ግሬና ውስጥ ሐውልት ቆሞላታል።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ግሬና የሄደ ሰው ብራሄጋታን በሚባለው ዋና መንገድ ሲያልፍ ከረሜላ ሠሪዎቹን በሥራ ላይ ያገኛቸዋል። ምስጢሩ ዛሬ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ጎብኚው ቆሞ ያያል። ሥራው እንዲህ ነው።

አንድ፦ ማፍላት። ስኳርና ውሃ ድስት ውስጥ ይጣዳል። ጥቂት አቼቶ ጠብ ይደረግበታል። እሳቱ ላይ ቆይቶ ሙቀቱ 150 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ እስኪደርስ ይጠበቃል።

ሁለት፦ ማፍሰስ። የፈላው ሽሮፕ ዘይት በተቀባ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ይዘረገፋል። ወርቃማና እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ነው። ቶሎ የሚቀዘቅዘው ጠርዙ ስለሆነ፣ ሠሪው ጠርዙን በመቧጠጫ እያነሳ ወደ መሐል ያጥፈዋል።

ሦስት፦ መክፈል። ትንሹ ክፍል ቀይ ቀለም ይጨመርበትና ለብቻው ይቀመጣል። ትልቁ ክፍል ነጭ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ግን ነጭ ቀለም የሚባል ነገር የለም!

አራት፦ መጎተት። ትልቁ ክፍል እንደ ሊጥ እስኪጠና ይጠበቅና ግድግዳ ላይ የተተከለ መንጠቆ ላይ ይሰቀላል። የሚንት ዘይቱ እዚህ ይገባል። ሠሪው ወደራሱ ይጎትታል፣ አጥፎ መልሶ ይሰቅላል፣ ይጎትታል። በደቂቃዎች ውስጥ ወርቃማው ነገር መጀመሪያ እንደ ሐር ያብረቀርቃል፣ ከዚያ ወተት ይመስላል።

አምስት፦ ማልበስ። ነጩ ተጠቅሎ እንደ ሙልሙል ይድቦለቦላል። ቀዩ በቀጭኑ ተሰንጥቆ ጎን ለጎን ይለጠፍበታል።

ስድስት፦ መጠምዘዝ። ከአንዱ ጫፍ እየተሳበ፣ እየተጠመዘዘና ጠረጴዛው ላይ እየተንከባለለ ይቀጥናል። መስመሩም አብሮ ይዞራል። ከዚያ በመቀስ ይቆረጣል። ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መንከባለል አለበት፤ ዝም ከተባለ በራሱ ክብደት ይዘጥጣል።

ሁሉም ነገር የሰዓት ጉዳይ ነው። ቢፈጥኑ እጅ ያቃጥላል፣ ቢዘገዩ እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ማሽን ያላት ዓለም ይሄን ሥራ ገና በእጅ የምትሠራው ለዚህ ነው።

ድስቱ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

የከረሜላ ሠሪ ማለት ሳያውቀው ኬሚስት ነው። አራት ጥያቄ እናንሳ።

ለምን ይጠነክራል? ሽሮፑ ሲፈላ ውሃው ይተናል። ውሃው እያለቀ ሲሄድ የሚፈላበት ሙቀት ይጨምራል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ የሚነግረን ሙቀቱን ብቻ ሳይሆን ስንት ውሃ እንደቀረም ነው። 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ የቀረው ውሃ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። ይሄ ሲቀዘቅዝ የስኳሩ ሞለኪውሎች ተራ ይዘው ለመደርደር ጊዜ አያገኙም። እንደተዘበራረቁ ባሉበት ይቆማሉ። በሳይንስ ቋንቋ ይሄ ብርጭቆ ነው። አዎ፣ ጠንካራ ከረሜላ የሚበላ ብርጭቆ ነው።

አቼቶው ምን ያደርጋል? ስኳር ባሕርዩ መደርደር ነው። አንዲት ፍሬ ከተፈጠረች ሌላው ይከተላታል፤ ድስቱ በሙሉ አሸዋ ይሆናል። አቼቶው አሲድ ስለሆነ ከስኳሩ የተወሰነውን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰነጥቀዋል። እነዚህ መልካቸው የተለየ ስለሆነ በሰልፉ መሐል እየገቡ ድርድሩን ያበላሹታል። የሎሚ ጭማቂም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል።

ለምን ነጭ ይሆናል? በተጎተተና በታጠፈ ቁጥር አየር አብሮ ይታጠፋል። በመጨረሻ ለዓይን የማይታዩ እልፍ አረፋዎች ውስጡ ይሞላሉ። ብርሃን በነሱ ላይ እየነጠረ ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይበተናል፤ ዓይናችን ያንን ነጭ ብሎ ያነበዋል። አረንጓዴ ሳሙና ነጭ አረፋ የሚያወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። አረፋው ከረሜላውን ጥርስ ላይ ቀለል እንዲልም ያደርገዋል።

ለምን አፍ ያቀዘቅዛል? አያቀዘቅዝም! የአፋችሁ ሙቀት ያው ነው። ሚንት ውስጥ ያለው ሜንቶል ነርቮቻችን ላይ ያለውን የብርድ መቀበያ ይነካዋል። መቀበያው ደግሞ ‹በረደኝ› ብሎ ለአንጎል ይልካል። ይሄን መቀበያ ለማግኘት ሜንቶልን ከተጠቀሙት ተመራማሪዎች መካከል ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን በ2021 የሕክምና ኖቤል ተሸልመዋል። ሽልማቱ ሰውነታችን ሙቀትን፣ ብርድንና ንክኪን እንዴት እንደሚያውቅ ላገኙት ግኝት ነው። ሚርጥሚጣውም ሚንቱም የሚሠሩት አንጎልን በማታለል ነው።

እቤት ለመሞከር ለምታስቡ

ከዩቲዩብ አይታችሁ ልትሞክሩ የምትችሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ሁለት ነገር ይዛችሁ ግቡ።

የመጀመሪያው ከፍታ ነው። ቪዲዮዎቹ የሚነግሯችሁ ዲግሪ ባሕር ጠለል ላይ ላለ ሰው ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ። ሽሮፑም እንደዚያው ነው። እዚያ 150 ላይ የሚደርስበትን ውፍረት እኛ ጋ 142 አካባቢ ላይ ይደርሳል። 150ን ስትጠብቁ ያርራል። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ዝቅ አድርጉት።

ቴርሞሜትር የለንም ካላችሁ የድሮ ሰዎች ዘዴ አለ። ከሽሮፑ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉ። ለስልሶ እንደ ማስቲካ ከተለጠጠ ገና ነው። ሲሰብሩት ‹ቀጭ› ካለ ደርሷል።

ሁለተኛውን ደግሞ እንደ ቀልድ አትዩት። የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ የባሰ ነው። ሙቀቱ ከፍ ያለ ነው፤ ቆዳ ላይ ደግሞ ይጣበቃል፣ አይፈስም። ሕፃን አጠገብ አይኑር። ቃጠሎ ካጋጠመ ቶሎ በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ስር ለ20 ደቂቃ መያዝ ነው። ቅቤ፣ ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና መቀባት አይሆንም። ቃጠሎው ሰፊ ከሆነ ወይም ፊት ላይ ከሆነ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ሲያልቅላችሁ ደግሞ አየር በማያስገባ ዕቃ ክደኑት። ከረሜላ እርጥበት ይስባል፤ በክረምት ክፍት ከተተወ በማግስቱ እጅ ላይ ይለጠፋል።

ስለ ጥርስ ሳናወራ አናልፍም

ስዊድን ለዓለም ያበረከተችው ፖልካግሪስን ብቻ አይደለም። ስኳር ጥርስን እንደሚያበሰብስ ያረጋገጠው ትልቁ ጥናትም የተሠራው እዚያው ነው። ግን የተሠራበት መንገድ የሚያሳፍር ነው።

በ1940ዎቹ ሉንድ ከተማ አጠገብ ቪፔሆልም የሚባል ተቋም ነበር። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች የሚኖሩበት። ተመራማሪዎች ለነዚህ ሰዎች ሆን ተብሎ ጥርስ ላይ እንዲጣበቅ የተሠራ ቶፊ መስጠት ጀመሩ። አንዳንዱ ቡድን በቀን እስከ 24 ፍሬ ይሰጠው ነበር። የብዙዎቹ ጥርስ ተበላሸ። ፈቃዳቸውን የጠየቃቸው አልነበረም። ዛሬ በምርምር ሥነ ምግባር ትምህርት ውስጥ ‹እንዲህ አይደረግም› ተብሎ የሚጠቀስ ታሪክ ነው።

በነሱ ጥርስ የተገኘው እውቀት ግን ሁላችንንም ይመለከታል። ጥርስን የሚጎዳው የስኳሩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ በምን ያህል ጊዜ ልዩነት እንደምንበላውና አፍ ውስጥ ስንት እንደሚቆይ ነው ይበልጥ የሚወስነው። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር ባገኙ ቁጥር አሲድ ያመነጫሉ። ምራቃችን አሲዱን አጥቦ ጥርሱን ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋል። ቀኑን ሙሉ አንድ አንድ እያልን ስንመጥ ያንን ጊዜ እንከለክለዋለን። ጠንካራ ከረሜላ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሟሟ ነው።

ስዊድኖች ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዙ፤ የልጆች ከረሜላ የቅዳሜ ነው። በሳምንት አንድ ቀን ብላ፣ ጥርስህን ቦርሽ፣ ሌላውን ቀን ተወው። ‹የቅዳሜ ከረሜላ› የሚባለው ልማድ እስከ ዛሬ አለ።

ስኳር ሁሉም ቤት አለ፤ ስሙ ግን የግሬና ነው

አሁን መጀመሪያ ወደ ጠየቅነው እንመለስ። ስኳርና ውሃ ለምን በሕግ ይጠበቃል?

በ2022 የአውሮፓ ኅብረት ‹ግሬና ፖልካግሪሳር› የሚለውን ስም በቦታ ከሚጠበቁ የምግብ ስሞች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ‹ፖልካግሪስ› የሚለውን ቃል የፈለገ ይጠቀማል። የሚንት ከረሜላም የፈለገ ይሠራል። ግሬና የሚለውን ስም ጨምሮ ለመሸጥ ግን ከረሜላው በተመዘገበው አሠራር መሠረት ግሬና ውስጥ መሠራት አለበት። ሻምፓኝ የሚለውን ስም ማንም ዝም ብሎ እንደማይለጥፈው ማለት ነው።

አማሊያ ምስጢሯን የጠበቀችው በር ዘግታ ነበር። የከተማዋ ሰዎች በሩን ከፍተው ስሙን በሕግ ዘጉት። የቱ ይበልጣል ብትሉን ሁለተኛው እንላለን፤ ምስጢር ከባለቤቱ ጋር ሊቀበር ይችላል፣ የተመዘገበ ስም ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ይሄ ነገር ለኛ ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ስትል ከስታርባክስ ጋር የገባችበትን ውዝግብ ታላላቆቻችሁ ያስታውሱታል። ጉዳዩ የዓለም ዜና ሆኖ ከቆየ በኋላ በ2007 ስምምነት ላይ ተደረሰ። ጥያቄው ያው የግሬና ጥያቄ ነበር፤ ቡናው ያንተ ሆኖ ስሙ የሌላ ከሆነ፣ ትርፉ የማን ነው?

ቡና እንግዲህ ቢያንስ የትም አይበቅልም። ከረሜላ ግን ስኳርና ድስት ያለው ሁሉ ይሠራዋል። ግሬናዎች ያንን ተራ ነገር ይዘው፣ አንዲት ችግረኛ እናት የጀመረችውን ሳይጥሉ፣ ስሙንም አሠራሩንም አስመዝግበው ነው ዛሬ ጎብኚ የሚጎርፍላቸው።

እኛም አገር ስንት አማሊያ አለ። ቆሎ ቆልታ፣ ዳቦ ቆሎ ጠብሳ፣ ጉልት ላይ ዘርግታ ልጅ የምታስተምር እናት በየሰፈሩ አለች። ሱቅ በደረቴ አንጠልጥሎ ማስቲካና ከረሜላ እየሸጠ ማታ የሚማር ልጅም እንደዚያው። የጎደለው ሙያ አይደለም። አማሊያን በጥር 1859 የለያት አንዲት ወረቀት ነች፤ ‹ይቻልሻል፣ በስምሽ ሽጪ› የምትል።

እስኪ እናንተ ንገሩን። በአካባቢያችሁ የሚሠራ፣ ሌላ ቦታ ቢሠራ የማይጥም፣ ስሙ ሊጠበቅለት የሚገባ ምግብ ወይም ጣፋጭ የቱ ነው? የከተማውን ስም ጨምራችሁ ጻፉልን። ጽሑፉን ከወደዳችሁት ለሌሎችም አጋሩት።